ስምንቱም መብራት በርቶ

መብራቶቹ ከአንድ እስከ ስምንት ተራ በተራ በሩ። ሉሲ አላመነችም፤ የኬብል መፈተሻውን አጥፍታ እንደገና አበራችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ አሁንም ስምንት ደረሱ። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ሳይበራ ቢቀር ደስ ይላት ነበር። በሽታው የታወቀለት ሰው መድኃኒት ይፈልጋል፤ ደህና ነህ እየተባለ የሚያመው ሰው ግን ወዴት ይሂድ? ግቢውን አቋርጣ ትልቁ ቤት ገባች፣ የኬብሉን ጫፍ መልሳ ራውተሩ ላይ ሰካች፣ ተመልሳም ሰርቪስ ቤት ካለው ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ፍጥነቱን ለካች። አንድ ነጥብ ስምንት ሜጋ። የተመዘገቡት ለሃያ አምስት ሜጋ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሙከራ አለባት። ከቤት ሆኖ የአየር ትኬት ደንበኞችን በስልክ የማስተናገድ ሥራ ነው፤ ስልኩ የሚደወለው በኢንተርኔት ስለሆነ ድርጅቱ በዋይፋይ አይሆንም፣ በገመድ ይሁን ብሏል። ሁለት ጊዜ ሞክረዋት ሁለቱንም ጊዜ ድምፅዋ ተቆራርጦ፣ “ሄሎ፣ ሄሎ” ስትል መስመሩ ጠፍቷል። የምትቀጥረው ሴትዮ ሦስተኛው የመጨረሻ እንደሚሆን በትሕትና ጽፋላታለች። ሉሲ ሊቤን ከወለደች ወዲህ፣ ከፉሪ ቦሌ ድረስ ሦስት ታክሲ እየያዘች ትሄድበት የነበረውን ሥራ ትታለች። ባሏ ኢብሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወር ውስጥ ቤቱ የሚያድረው ጥቂት ቀን ነው። ይህ ካመለጣት የስምንት ወር ልጅ ይዛ ከቤት የሚያሠራት ሌላ ቀጣሪ ከየት ይመጣል?

ኬብሉን የዘረጉላት አማቷ ናቸው። ኦቦ ዲሪርሳ ሰበታ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አንቺ ሥራሽን ያዢ፣ ልጅቷን እኔ እይዛታለሁ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ግቢውን በገዛ እጃቸው ቆፍረው ቱቦ ቀበሩ፣ ሠላሳ ሜትር ኬብል በውስጡ አሳለፉ። ጫፉ ላይ ያሉትን ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ደግሞ እያንዳንዱን ባለቀለም ሽቦ ነጭ ከተቀላቀለበት የቀለም ጓደኛው ጎን ደርድረው በመግጠሚያ ፒንሳ ገጠሙት። ባልና ሚስት አይለያይም እያሉ ነበር የሚደረድሩት። ሥራቸው ደግሞ ያምራል፤ ግድግዳውን ይዞ የወጣው ኬብል አንድ ቦታ እንኳ አልጎበጠም።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ግራ የገባው ሰው የማይሞክረው የለም። ራውተሩን አጥፍታ አብርታለች። ከወንድሟ ሌላ ኮምፒውተር ተውሳለች። ራውተሩ አጠገብ ቆማ በአጭሯ ገመድ ስትለካ ሃያ አራት ሜጋ ይመጣል፤ ያው ኢንተርኔት ግቢውን ሲያቋርጥ ነፍሱ ይወጣል። ዓለም ገና ላይ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያለው ወንዲ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ጫፎቹን አገላብጦ አየ፣ ኦቦ ዲሪርሳን አየ፣ ከዚያም ኬብሉ ሰላም ነው፣ ኔትወርኩ ነው ብሎ ሄደ። ኔትወርኩ ከሆነ ትልቁ ቤት ውስጥ ለምን ደህና ሆነ? ሉሲ የምታምነው ጠፋት። ምናልባት እኔ ራሴ ነኝ የማልችልበት እስከ ማለት ደረሰች።

አምስት ሰዓት ገደማ ከራውተሩ ጋር በካርቶን የመጣችውን አጭር ገመድ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመችና ከረጅሙ ኬብል ጫፍ ጋር አስተያየቻት። የመሰኪያው ላስቲክ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ቀለሞቹ በውስጡ ይታያሉ። አንድ አይደሉም። በአማቷ ሥራ አረንጓዴው ከነጭ አረንጓዴው ጎን ነው፤ በአጭሯ ገመድ ግን በሁለቱ መካከል ሰማያዊዎቹ ገብተዋል። መጀመሪያ የመሰላት ፋብሪካው የተሳሳተ ነው። ሞኝ ሆና አይደለም፤ ኦቦ ዲሪርሳ ተሳሳቱ ብሎ ማሰብ በዚህ ቤት ያልተለመደ ስለሆነ ነው። ከኢብሳ አሮጌ ዕቃዎች መሃል ሌላ ገመድ ፈልጋ አወጣች። በእሱም ላይ ሰማያዊዎቹ መካከል ናቸው።

ስልኳን ከፍታ አንድ ሰዓት ሙሉ አነበበች። ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙት ለጌጥ አይደለም፤ አብረው የተጠማዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ ያጠፋል። ኮምፒውተሩ ደግሞ መሰኪያው ላይ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ቦታ እንደ አንድ ጥንድ ነው የሚጠቀምባቸው። እዚያ ላይ የተለያዩ ጥንዶች ሽቦ ከተቀመጠ በአጭር ገመድ ላይታወቅ ይችላል፣ በሠላሳ ሜትር ግን መልእክቱ ይበላሻል። መፈተሻው ይህን አያይም፤ ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አይጠይቅም። ወንዲ ጋ ደወለች።

“ወንዲ፣ አረንጓዴዎቹ መለያየት ነበረባቸው አይደል?”

“አየሽው?”

“አንተስ?”

“የመጀመሪያ ቀን።”

ሉሲ ተናደደች። ሁለት ሙከራ የወደቀችው በዚህ ነው።

“ሉሲዬ፣ እኔ ፒንሳ አያያዝ የተማርኩት ከእሳቸው ነው” አለ ወንዲ። “ፋብሪካው ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጠገቤ ቆመው ‘እንዴት ነው ሥራው?’ ሲሉኝ ምን ልበላቸው? አፈርኩ። አሁንም ስሜን አታንሺብኝ። አይጥ በላው በያቸውና ጫፉን ቁረጪው።”

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይኼ ነው። ያላጠፋ ኔትወርክ ሲሰደብ ከርሞ አሁን ደግሞ አይጥ ሊከሰስ ነው።

ግን ሐሳቡ ደስ አላላትም ማለት ውሸት ይሆናል። ኦቦ ዲሪርሳ በረንዳው ላይ ሊቤን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነበር። ሉሲ ሁለቱን ገመዶች ይዛ ፊታቸው ስትቆም አይጡ ምላሷ ላይ ደርሷል።

“አባባ፣ ኬብሉን…”

“ምነው ኢንተላ ኮ፣ ምነው ልጄ?”

አይጥ ነው ካለቻቸው ነገ ቱቦውን ቆፍረው ያወጣሉ። አዲስ ኬብል ያሳልፋሉ። ያንኑ አደራደር ይገጥማሉ። ይህ ሁሉ በአንዴ ታያት።

“የቀለሞቹ ተራ ትክክል አይደለም” አለች። ጆሮዋ ድረስ ጋላት። “አረንጓዴዎቹ በሰማያዊዎቹ ግራና ቀኝ ነው መሆን ያለባቸው።”

ኦቦ ዲሪርሳ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁና ሁለቱን ጫፎች እያፈራረቁ አዩ።

“ስምንቱም ይበራል እኮ።”

“ይበራል፤ ግን አይበቃም።”

ያነበበችውን እንደምንም አስረዳቻቸው። አላቋረጧትም። ልጅቷን ሰጧትና ፒንሳቸውን ይዘው መጡ፤ የገዛ ሥራቸውን ቆርጠው ጣሉት። እሷ ሊቤን ታቅፋ ቀለሙን ትጠራለች፣ እሳቸው ይደረድራሉ። ያ ለሠላሳ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ነጩን አረንጓዴ ሁለት ጊዜ ያለቦታው አስቀመጠው። ሁለተኛውን ጫፍ ገጥመው ሲጨርሱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። ለካች፤ ሃያ አራት ሜጋ። በደስታ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም፣ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጥ አደረገችው።

“ወንዲ ሁለት ጊዜ አገላብጦ አይቶታል” አሉ። “አላወቀም?”

አላወቀም ማለት ቀላል ነበር። ወንዲም ለምኗታል። ሊቤን ከአንድ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች።

“አውቋል አባባ። እርስዎን አፍሮ ነው።”

ኦቦ ዲሪርሳ መነጽራቸውን አወለቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ያረጁ መሰሏት፤ አዘነችላቸው።

“ስህተቱስ ይሁን፤ ያልተማሩት ያሳስታል። ሰው እያየኝ ዝም ሲል ግን… በቁሜ ሞቻለሁ እንዴ?” አሉ። ፒንሳቸውን አንስተውም፣ “ለገርባም እንዲሁ አድርጌ ነው የዘረጋሁለት። ዓመቱን ሙሉ ኔትወርክ ሲራገም ነው የከረመው። ቀለሞቹን በተራ ጻፊልኝ” አሏት።

ገርባ ከአጥሩ ወዲያ ያለ ጎረቤታቸው ነው። ሉሲ ስምንቱን ቀለም በትልልቁ ጻፈችላቸውና ከሙከራው በኋላ አብሬዎት ልሂድ አለች።

“አይ። እኔው ነኝ የምነግረው።”

ወረቀቱንና ፒንሳውን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ፣ ሊቤን ተቀብለው ታቀፉና በግቢው በር ወጡ።

ሉሲ ማዳመጫዋን በአንድ ጆሮዋ ብቻ አድርጋ ተቀመጠች። መስኮቷ ከገርባ አጥር ጋር ፊት ለፊት ነው። ልክ በስምንት ሰዓት ጥሪው መጣ፤ የደወሉ ድምፅ ጥርት ያለ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማች፣ ከዚያ የአማቷ ድምፅ።

“አካም ጂርታ ገርባ። ኔትወርኩን አትሳደብ፤ ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ።”

ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ገና አላነሳችውም፤ ገርባ የሚመልስላቸውን እስክትሰማ ትንሽ እንዲጠራ ተወችው።