ሙሜ መብራት ያየበት ቆብ

ሙሜ የጭሮ–ገለምሶ ሚኒባስ ሲነዳ ተሳፋሪው ጥምዝምዙን ሳያውቀው እንቅልፉን ለጥጦ ይደርሳል። እኔ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነኝ፤ ስለሱ አጋንኜ ያላወራሁት የለም። ባለፈው ክረምት ግን በሬ ገጨ። የመኪናዋ ባለቤት አዴ ኡሙልኸይር ቁልፉን ወሰዱበት።

«ዓይንህ ፈዟል» አሉት። «የኑኃሚንን ፈተና ካላለፍክ መሪ አትነካም።»

ኑኃሚን የሰፈራችን ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስለ አንጎል ታጠናለች። መሪና ፍሬን ያለው፣ መንገዱ በስክሪን የሚመጣ ማስመሰያ መኪና ይዛ መጥታ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ ተክላዋለች። እርጥብ ስፖንጅ የተሰፋበት ቆብም አላት፤ በባትሪ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ ወደ አንጎል ይልካል። ሾፌር ያነቃ እንደሆነ ልታይ ነው። እኔ «ቆቡን ያጠለቀ እዚህ ቁጭ ብሎ ድሬዳዋን ያያል» ብዬ ስላስወራሁ መስኮቱ በሰው ተጨናንቋል።

ሙሜ መጀመሪያ ያለ ቆቡ ነዳ። ከፊቱ መኪና በመጣ ቁጥር ፍሬን ይይዛል። ቆቡን ስታጠልቅለት ጭራሽ ባሰበት፤ መኪናው ገና ነጥብ አክሎ ሲታይ እሱ ቆሟል።

«ሙሜ፣ ቀብር እየሸኘህ ነው?» አልኩት።

«ዝም በል አንተ። ሁሉም መብራት እያሳዩኝ ነው። ፊት ለፊት ከብት አለ ማለት ነው።»

ኑኃሚን ስክሪኑን አየችና ሳቀች። ፕሮግራሙ ከውጭ የመጣ ነው፤ እዚያ መኪና በቀንም መብራቱን አብርቶ ይሄዳል። በኛ መንገድ ግን የቀን መብራት የሾፌር ለሾፌር መልእክት ነው።

«ጋሽ ሙሜ፣ ቆቡ ሠርቷል። መብራቱን ከቅድሙ በእጥፍ ርቀት ነው ያዩት። የተሳሳተው የኔ መንገድ ነው።»

መብራቱን ሁሉ አጠፋችና ከኋላቸው ከብት ላለባቸው መኪኖች ብቻ ተወችላቸው። ሙሜ በረረ። አንዲት ፍየል እንኳ አልነካም።

«በሬውን የገጨህ ቀን መብራት ያሳየህ አልነበረም?» አሉ አዴ ኡሙልኸይር።

«አንድም ሰው፣ አዴ።»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖሩለት።

ከሰዓት አብሬው ወጣሁ፤ ቆቡ ኑኃሚን ጋ ቀርቷል። አንድ ኩርባ ሳንደርስ ጭር ባለ መንገድ ላይ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አይሱዙ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ብቅ አለ፤ ከኋላው መንጋ ግመል።

«መብራቱን መቼ አየኸው?» አልኩት።

«ሾፌሩ እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድ።»

እኔ እንኳ የምጨምርበት አጣሁ።