ሁሉ አለኝ የሚለው መላሽ

ጽናት አባይነህ ባና ትሸጣለች። መሸጡስ ባልከፋ፤ ሰውን ማናገሩ ነው ነፍስ የሚያወጣው። የበግ ጠጉር ገዝታ፣ አጥባ፣ ፈትላ፣ ለሸማኔ ሰጥታ ካሠራች በኋላ ፎቶ አንስታ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ትለጥፈዋለች። ከዚያ አገር ምድሩ ይጽፍላታል። ዋጋውን ከፎቶው ሥር በትልቁ ጽፋው ሳለ "ዋጋ?" የሚላት አለ። "ሰላም" ብሎ ጽፎ ሰላምታው እስኪመለስለት ሌላ ቃል የማይተነፍስ አለ። አዲስ አበባ ፀሐይ እየሞቀ "ግን ይሞቃል?" የሚላትም አለ። የመንዝ ባና ነው እንግዲህ፤ ሊያቀዘቅዝ ኖሯል?

ዋናው ጣጣ ኔትወርኩ ነበር። የጽናት መንደር ጓሳ ከሚባለው የሣር ተራራ ግርጌ ነው፤ ስልክ የሚሠራው ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ። ስለዚህ "ይሞቃል?" ላላት ሰው "አዎ" ብላ ለመመለስ ሥራዋን ጥላ፣ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ጣቷ ደንዝዞ ፊደል እስኪስት ድረስ ንፋስ እየገረፋት መጻፍ አለባት። ስትመለስ ድመቷ የተፈተለው ጠጉር ላይ ተጋድማ ታገኛታለች። ሰውየውም አይገዛም።

በመጨረሻ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚነካካ አንድ ሰው አገኘች።

"በራሱ የሚመልስልሽ ነገር ልሥራልሽ" አላት። "አንቺ ተኝተሽም ቢሆን ይመልሳል። ኔትወርክሽንም አይፈልግም፤ እሱ የሚኖረው ሌላ ቦታ ነው። ብቻ ምን እንዲል እንደምትፈልጊ ንገሪኝ።"

ጽናት የባናውን ዓይነትና መጠን፣ ዋጋውን፣ ማድረሻውን አንድ በአንድ ነገረችው። ሰላምታ ላይ እንዳይሰስትም አደራ አለችው። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችበት።

"ከሁሉ በላይ ግን፣ ደንበኛ ምንም ይጠይቅ ምን፣ 'የለም' እንዳይል። ከአፉ እንዳትወጣ!"

ይህን ያስተማረቻት እትዬ ጠጄ ናት። ጽናት ንግድ የጀመረችው ቀየት ገበያ እሷ ሥር ተቀምጣ ነው። ደህና የመንዝ ነጋዴ ገበያተኛን የለም ብሎ አይሸኝም፤ ከሸኘ ገዱን አብሮ ሸኘ ማለት ነው። ጨው ባይኖር "እየመጣ ነው" ይባላል። "ቁጭ በል እስቲ" ይባላል። "በርበሬስ አትወስድም?" ይባላል። እትዬ ጠጄ መደርደሪያዋ ባዶውን ቀርቶ ሸረሪት ሲያደራበት እንኳ "ምን ልስጥህ የኔ ጌታ?" ትል ነበር። የኮምፒውተሩ ሰውዬ ጥቂት ሳቀ፤ ግን ከፋይ እሷ ናትና እንዳለችው አደረገ።

መላሹ ሥራ ሲጀምር ጽናት ተገላገለች። ለ"ሰላም" ባዩ "እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና?" ብሎ ይመልሳል። ከፎቅ ላይ የሚኖር አንድ የባንክ ሠራተኛ ስለ ከብቱ የጠየቀው ሰው በማግኘቱ ልቡ ተነክቶ ሁለት ባና ገዛ፤ ከብት የለውም። አንድ ቀን ደግሞ የአንድ ጫማ ሻጭ መላሽ ከሷ መላሽ ጋር ተገናኙና ደህንነት ሲጠያየቁ ዋሉ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ባናው ይሸጣል፣ ጽናት ትፈትላለች፣ ጉብታውን የምትወጣው ሲያሰኛት ብቻ ሆነ።

አንድ የገበያ ቀን ቀየት ስትገባ ሰላምታዋን የሚመልስላት ጠፋ። ከዓመት እስከ ዓመት አብረው የሚሸጡ ሴቶች ፊታቸውን አዞሩ። እትዬ ጠጄ ብቻ እጇን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻት።

"ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ? በጓሳ ትነግጃለሽ?"

ስልኳንም አሳየቻት። በየሰዉ እጅ የሚዞረው ስክሪንሻት የጽናት ገጽ ነበር። ጠያቂው "የጓሳ ሣር አለ?" ይላል። የጽናት መላሽ "አለ! ምን ያህል ልላክልዎ?" ይላል። "ሠላሳ ሸክም። ግን በጨለማ ይጫን" ይላል ያኛው። "እንደፈለጉ! ደንበኛ ንጉሥ ነው" ይላል ያ ውርጋጥ። የጠያቂው ስም ያለበት ላይኛው ክፍል ተቆርጧል።

ጓሳ ማለት የቤት ክዳን፣ የበግ ግጦሽ፣ የምንጭ ውኃ ነው፤ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሽማግሌዎች መክረው ሲከፍቱት ብቻ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል። ሳይከፈት ማጭድ ያሳረፈበት ሰው አገር ይፈርድበታል። የሚፈርደው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የጓሳ ዳኛ አባቷ ጋሽ አባይነህ ናቸው። የገዛ አበልጃቸውን በአንድ እቅፍ ሣር ያስቀጡ ሰውዬ!

ስልኳን አወጣችና የጠያቂውን ስም ፈለገች። ስሙ "አንበሳው" ይላል። ፎቶውም አንበሳ ነው። በዚህ አገር ከወንዱ ግማሹ ስልኩ ውስጥ አንበሳ ነው፤ የቀረው ንስር ነው። ከየት አድና ትያዘው? በንዴት መላሹን ዘጋችው፤ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወደ ቤቷ ገሠገሠች።

ጋሽ አባይነህ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር።

"አባዬ፣ የሚወራው..."

"ዳኛ ከተከሳሽ ጋር ወሬ አይዝም" አሏት ሳያዩዋት። "እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ፊት ትናገሪያለሽ።"

እስከ እሑድ ድረስ ከአንድ ገበታ እየበሉ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ጨው ሲያንሳቸው እንኳ "አቀብዪኝ" አይሉም፤ ተነስተው ራሳቸው ያመጣሉ። ጽናት ቅጣቱን አልፈራችም። ከተፈረደባት አባቷ ከዳኝነታቸው እንደሚወርዱ፣ "ለካ ዘግተው የያዙት ለልጃቸው ኖሯል" እንደሚባሉ ታውቃለች፤ እሱም ያንገበግባታል። ከሁሉ የበለጠ አንጀቷን የሚበላት ግን አባቷ ይመኗት አይመኗት አለማወቋ ነበር። ፊታቸውን ደጋግማ አየችው፤ የሚነበብ ነገር አጣችበት።

እሑድ አገሩ ጉብታው ላይ ተሰበሰበ። ከሳሹ ምንይሉ ነበር። ምንይሉ ከተማ ኖሮ፣ ደህና ጥሪት ይዞ ተመልሶ፣ ከመንገዱ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያሠራል። ግድግዳው ቆሟል፤ ክዳን የለውም። በጓሳ ሣር ልክደነው ብሎ ሲጠይቅ ጋሽ አባይነህ "እስኪከፈት ቆርቆሮ አልብሰው" ብለው መልሰውታል። "ቱሪስት ቆርቆሮ ሊያይ አይመጣም!" ብሎ ተቀይሟቸው ነው የከረመው።

"እኛ ስንጠይቅ ዝግ ነው!" አለ ምንይሉ እጁን እያወናጨፈ። "በልጃቸው ገጽ ግን ሠላሳ ሸክም፣ ያውም በጨለማ! እንካችሁ፣ ያንብቡት ራሳቸው!"

ስልኩን ለጋሽ አባይነህ ሰጣቸው። ጋሽ አባይነህ መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደል የቆጠሩት ዳዊት ደግመው ነውና የተጻፈ ነገር ሁሉ ጮክ ተብሎ ይነበባል ብለው ነው የሚያምኑት፤ ስክሪንሻቱን ከ'አለ'ው እስከ ቃለ አጋኖው በዜማ አነበቡት። ከዚያ ስልኩን ማስረጃ ነው ብለው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

"ተናገሪ" አሏት።

"እኔ አይደለሁም የመለስኩት" አለች ጽናት። "ማሽን ነው። ምንም ጠይቁት ምን፣ አለ ነው የሚለው። አንበሳው የሚባለውንም ሰው አላውቀውም። ካላመናችሁ አሁን እከፍተዋለሁና ጠይቁት።"

"ይከፈት" አሉ መምሬ አትናቴዎስ። የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ነገር ይወዳሉ።

ከፈተችው። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ አንዱ "የቀይ ቀበሮ ቆዳ አለ?" ብሎ ጻፈ።

"አለ! በየትኛው መጠን?" አለ መላሹ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀይ ቀበሮ የነካ ደግሞ ከሣር አጫጁም ይብሳል። ጽናት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አንዲት ሴትዮ ግን "ጭቃ የሌለበት ክረምት አለ?" ብላ አስጻፈች። "አለ! ነጭና ግራጫ" ተባለች። ሌላዋ "የማይጠጣ ባል አለ?" አለች። "አለ! ሁለት ለሚወስድ ቅናሽ እናደርጋለን።" አሁን ሳቁ ተጀመረ። መምሬ አትናቴዎስ የጎረቤታቸውን ስልክ ነጠቁ።

"መንግሥተ ሰማያት አለ?" ብለው ጻፉ።

"አለ! ሳያልቅ ይዘዙ።"

"ይሄስ ከኔ ይሻላል፤ እኔ ይህን ዕድሜ ሙሉ ሰብኬ እንዲህ አቋርጬ ነግሬያቸው አላውቅም" አሉ መምሬ፤ ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሽ አባይነህ ብቻ አልሳቁም።

"ሳቅ ማስረጃ አይሆንም!" ብሎ ምንይሉ ጮኸ። "ማሽኑ ቢዋሽ፣ ያዘዘው ሰው ሣሩን አላገኘም ያለው ማነው? ሌባ ባይኖር ገዢ..."

ከጋሽ አባይነህ ጉልበት ላይ ስልኩ ጢው አለ።

ጽናት ያላሰበችው ነገር ነበር። መላሹ ተዘግቶ ሲከፈት፣ ወሬ ጀምረው በመሀል የተውትን ደንበኞች ሁሉ መልሶ ይነካካል። ጋሽ አባይነህ ስልኩን አነሱ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ፤ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ።

"ውድ አንበሳው። እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና? ስለ ሠላሳው ሸክም ጓሳ ሣር ዝም አሉን እኮ። እንዳሉት በጨለማ ይጫንልዎ?"

ጋሽ አባይነህ ስልኩን ገልብጠው አዩት፣ መልሰው ገለበጡት፣ ከዚያ ቀና ብለው ባለቤቱን አዩት።

"አንበሳው አንተ ነህ?"

ምንይሉ ፊቱ በርበሬ መሰለ። "ታዲያ ምን ላድርግ!" አለ በመጨረሻ። "እርስዎ ከለከሉኝ፤ ልጅዎ አለ አለችኝ። ግድግዳዬ ዝናብ እየበላው ነው። ሣሩ ሳይመጣ ሲቀር ለሌላ የሸጠችብኝ መስሎኝ ተናደድኩ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ እስከ ዘመሮ የሰሙ አሉ ይባላል። የሳቀው ሕዝብ ግን ፍርዱን አልረሳም። ምንይሉ ክረምቱን በሙሉ ጓሳን ከጠባቂዎች ጋር እየዞረ እንዲጠብቅ ተፈረደበት፤ ሊሰርቀው ያሰበውን ሣር እያየ ይኑር ተባለ። ጽናት ተነስታ ልትሄድ ጋቢዋን ስታነሳ አባቷ በእጃቸው አስቀመጧት።

"በስምሽ ሲሸጥ ትርፉን ማን ነበር የሚበላ?"

"እኔ።"

"ውሸቱንስ?"

ጽናት አንገቷን ደፋች። እሷም ከምንይሉ ጋር በየተራ ጥበቃ እንድትወጣ ፈረዱባት። መላሹንም "እዚህ ድረስ ያስለፈለፍሽው ይበቃል" ብለው አዘጓት። ሽማግሌዎቹ ጋሽ አባይነህ ዳኝነታቸው ላይ ይቆዩ ብለው አንድ ላይ ተናገሩ፤ እሳቸው ግን የሰሙም አልመሰሉ።

አባትና ልጅ ቁልቁለቱን አብረው ወረዱ። ጽናት ከሌብነቱ ክስ ነጻ ወጥታም ልቧ አላረፈም። ከቤቱ አጥር ጋ ሲደርሱ ጋሽ አባይነህ ቆሙ፤ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት።

"ጽናት።"

"አቤት አባዬ።"

"ሲነግሩኝ አመንኳቸው" አሉ። "ያን የቀየት ገበያ ዕለት። ሳልጠይቅሽ፣ ገና ቃሉ ከሰዎቹ አፍ ሳይወጣ፣ አድርጋዋለች አልኩ። እስከ ዛሬ ድረስ ልጄ ሌባ ናት ብዬ ነው የሰነበትኩት። ሰው ፊት አልወጣ አለኝ፤ ላንቺ ግን መንገር አለብኝ። ይቅር በይኝ።"

ጽናት እንዲህ ዓይነት ሕመም ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። አባቷ ፊት ለፊቷ ቆመው፣ ሽማግሌ ሆነው፣ አንሰው ታዩዋት። ሊያቀልላቸው የሚችል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው፣ ወዲያው የሚባለው 'ይቅር ብያለሁ'። ልትለው አፏን ከፈተች። እውነት ስላልነበረ ተወችው።

"አባዬ፣ ለዚህ መልስ የለኝም" አለች። "ገና አልመጣልኝም። ጊዜ ይፈጃል።"

ጋሽ አባይነህ ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ።

"ይፍጅ" አሉ። "እጠብቃለሁ።"

የአጥሩን በር ከፍተው እሷን አስቀደሟት።