ዓሣ አሳዪው ጉሉማ

ጉሉማ ደረሳን በዴዴሳ ዳር የማያውቀው አልነበረም። ቡና የጫነ ነጋዴ በሉት፣ ሙሽራ በሉት፣ ወደ ነቀምቴ ሐኪም ቤት የሚወሰድ በሽተኛ በሉት፣ ሁሉም የሚሻገረው በእሱ ታንኳ ነበር። ታዲያ በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከበላዩ ድልድይ ተሠራና ታንኳው ሥራ ፈታ። ሰውየው ደግሞ እርሻ አይሆንለትም! እጁ መቅዘፊያ እንጂ ሞፈር አያውቅም። ዓመቱን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ወንዙን ሲያይ ይውል ነበር።

በጥር ወር መምህር ተድላ ከነቀምቴ መጣ። ተድላ የሸዋ ልጅ ነው፤ ሳይንስ ያስተምራል፤ ችኩል ይሁን እንጂ ልቡ ደግ።

«ኦቦ ጉሉማ፣ ሥራ አግኝቼልዎታለሁ!» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ሦስት ፈረንጆች መጥተዋል። ውኃ ውስጥ ገብተው ዓሣ ፎቶ ማንሳት ይፈልጋሉ፤ አብሯቸው የሚጠልቅ መሪ ነው ያጡት።»

«ሊበሉት ነው?»

«ኧረ አይበሉትም፤ ሊያዩት ነው።»

የጉሉማ ሚስት ድርቤ ሳቋ አመለጣት። በዚያ አገር ያኔ ዓሣን የሚበላው እንኳ ስንት ሰው ነው? ለማየት ብሎ ባሕር አቋርጦ የሚመጣ ደግሞ ማን ሰምቶ ያውቃል!

ጉሉማ ግን አልሳቀም። እስከ ዓርብ ዓሣ ካሳያቸው፣ በየበጋው ለሚመጡት እንግዶች ሁሉ ቋሚ መሪ ይሆናል። ካላሳያቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ አገር ወዳሉ ሐይቆች ይሄዳሉ። ወደ ወንዙ የሚመለስበት ሌላ መንገድ አልነበረውም፤ ሥራውን ከልቡ ፈለገው።

ሰኞ ወደ አንድ ጥልቅ ኩሬ ወሰዳቸው፤ አዞ የማይደርስበት፣ በበጋ ጠጠሩ የሚቆጠርበት ኩሬ ነው። የፈረንጆቹ አለቃ ሚስተር ኤሪክ የአየር በርሜሉን አዝሎ፣ ካሜራውን ውኃ በማያስገባ ሣጥን ይዞ ተዘጋጀ። ጉሉማ ቀደመ። መቼም ወግ ነውና፣ በእነ ጉሉማ ዘንድ ሰው ደጅ ደርሶ ሳይጣራ ዘው አይልም፤ አባቱም ወንዝ ሲገባ ተጣርቶ ነበር የሚገባው። እናም ውኃውን በመዳፉ ጧ! ጧ! ጧ! አድርጎ መታና «ያ ወረ መና!» አለ፤ ቤቶች! ማለቱ ነው። ከዚያ ጠለቁ።

ዓሣ? ወፍ የለም! ማክሰኞም እንዲሁ፣ ረቡዕም እንዲሁ። ካሜራው ያየው ነገር ቢኖር ድንጋይና የጉሉማ ተረከዝ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኤሪክ ጓዙን መሸከፍ ጀመረ። ተድላ ፊቱ ጠቆረ። «ጉድ ሠሩኝ እኮ ኦቦ ጉሉማ! እኔ ስንቱን ምዬ ነው ያመጣኋቸው!»

ጉሉማ ብቻውን ወደ ኩሬው ወረደና፣ የሰጡትን የመስታወት መነጽር አጥልቆ ፊቱን ከዳር ነከር አደረገ። ወይ ጉድ! ቀረሶው፣ አምባዛው፣ ስሙን የማያውቀው ሁሉ ተርመስምሷል። ደስታው ፈንቅሎት ሊገባ ቀና ሲል፣ እጁ እንደ ልማዱ ውኃውን ጧ! አደረገው። ፊቱን መልሶ ቢነክር አንድም የለ።

ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ዓሣውን ሲያባርር የሰነበተው እሱ ራሱ ኖሯል! በእፍረት ጆሮው ጋለ። ሮጦ ሄዶ ለተድላ ነገረው።

«ዝም ይበሉ!» አለ ተድላ በሹክሹክታ። «ይህን ከሰሙ ማን መሪ ያደርግዎታል? ሌላ ጊዜ አይምቱ፣ በቃ።»

«ሌላ ጊዜ የታለ መምህር? ወንዙ ባዶ ነው ብለው ሊሄዱ እኮ ነው። እኔን ቢያባርሩኝም ይንገሩልኝ፤ ወንዙ ባዶ አይደለም።»

ተድላ የመጣራቱን ወግ ጨምሮ እየተንተባተበ አስተረጎመ። ኤሪክ የያዘውን ሣጥን አስቀመጠ።

«ተጣርቶ የገባ እንግዳ ከዚያ ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቀ።

ጉሉማ ጥያቄው ገረመው። «ቁጭ ይላላ! ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል እንጂ ጓዳ ለጓዳ ይዞራል እንዴ?»

ፈረንጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። እነሱም ሦስት ቀን ሙሉ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዋኙ ነው የሰነበቱት።

ተመልሰው ገቡ። ጉሉማ ልማዱ እንዳያሸንፈው እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ትንፋሹን ይዞ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ፤ እነሱም ከጎኑ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ ቀረሶ ብቅ አለ። ኤሪክ ካሜራውን ሊያነሳ ሲል ጉሉማ መዳፉን ዘረጋ፤ ቆይ! ኤሪክ እጁን መለሰ። ሁለት መጡ፤ አምስት መጡ፤ ኋላማ ኩሬው ሙሉ መጣ። ያን ጊዜ መዳፉን አወረደ፤ አንሳ!

ጉሉማ ሃያ ዓመት ሲቀዝፍ «ፍጠን እንጂ!» ብሎ ያልጮኸበት ተሳፋሪ አልነበረም። ዛሬ ሦስት የተማሩ ሰዎች የእሱን መዳፍ እያዩ ንቅንቅ ሳይሉ ጠበቁ።

ሲወጡ ኤሪክ የጉሉማን ትከሻ ይዞ ለተድላ አንድ ነገር ተናገረ።

«መሪያችን እርስዎ ነዎት፤ ነገ በስንት ሰዓት እንምጣ ነው የሚለው» አለ ተድላ፣ ፊቱ በርቶ።

የጉሉማ እንባ መጣ። እንደ ወንዝ ውኃ በክንዱ ጠራረገውና «አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ኩሬው ላይ ስታርፍ» አለ። «እንዳታረፍዱብኝ።»