የይሻው አውራ ዶሮ

ይሻው በደብረ ታቦር የማኅበረሰብ ሬዲዮ የድሮ ዘፈን ሲያሰማ ስንት ዘመኑ ነው። ለቡሄ ብሎ ያስቀመጣት አንዲት ካሴት ነበረችው፤ ድሮ በገዛ ጓሮው አንድ አዝማሪ ሲዘፍን የቀዳት። መሃሏ ላይ አውራ ዶሮው ይጮኻል። ዶሮው ታርዶ ከተበላ ቆይቷል፤ ድምፁ ግን አለ።

በሰኔ ከአንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ጣቢያ ሰዎች መጡ። «ቅርስ ነው፣ ጋሼ፣ እንዳይጠፋ» እያሉ አቆላመጡትና ካሴቶቹን ሁሉ ገልብጠው ሄዱ። ቂሉ ይሻው ምሳ ሳይቀር ጋብዟቸዋል።

የቡሄ ዕለት ጠዋት በባጃጅ ሲሄድ ያ ዘፈን ከሾፌሩ ሬዲዮ ጥርት ብሎ ወጣ። «ከማኅደራችን» አለ የአዲስ አበባው አቅራቢ። የይሻውን ስም ያነሳ የለም። ዶሮው ግን በቦታው ጮኸ።

ይሻው ደሙ እንደፈላ ስቱዲዮ ገባ። «ይህን ዘፈን የቀዳሁት እኔ ነኝ፤ የሚጮኸውም ዶሮ የራሴ ነው» ብሎ ካሴቷን ለቀቃት። ወዲያው ስልክ ተደወለ። የጎረቤት ከተማ የገሳይዋ እማማ ማሬ ነበሩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አድማጩ።

«እንኳን አደረስዎ እማማ! ሰሙልኝ?»

«ጠዋት ከአዲስ አበባው ሰምቼዋለሁ ልጄ» አሉ፣ አገር እየሰማ። «እኔ እኮ አንተን ሐቀኛ ብዬ ነበር። ዘፈኑስ ይሁን፤ እንዴት የሰው ዶሮ የኔ ነው ትላለህ?»