ዘር ሲጠየቅ

በእኛ በከምባታ ልጅ ለጋብቻ ስትታጭ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚያጣራው መልኳን አይደለም፤ ዘሯን ነው። «በቤቱ አእምሮው የታወከ አለ ወይ?» ይላሉ። መልሱን እናቴ ያስጠናችኝ ገና ሳላገባ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ልጄን ማራኪን ሊጠይቁ የሚመጡበት ቀን ተቆርጦ ነበር።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ኤሊያስን ከአንጋጫ አምጥቼ ሆሳዕና ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሁለት ወር ሙሉ ከአልጋ አልነሳም ብሏል፤ እንሰቱን አረም ውጦታል። ስንፍና መስሎኝ ስቆጣው ከርሜያለሁ፤ አሁን ያሳፍረኛል።

ሱራፌል የሚባል ወጣት የአእምሮ ሐኪም ብዙ ጠያይቆት «ድባቴ ነው» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ ገነቴ፣ በቤተሰባችሁ እንዲህ የታመመ ሰው ነበር?»

«ኧረ የለም! ዘራችን ንጹሕ ነው!»

አፌ ቀደመኝ። ሐኪሙን እንደ ጋብቻ ሽማግሌ መለስኩለት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሰው የምመክር እኔ ነኝ እኮ!

«አባባን ያመው ነበር» አለ ኤሊያስ። ድምፁን ከሰማሁ ሰንብቻለሁ። «ወራት ተኝቶ ከረመ። ከዛፍ ወድቆ ሞተ ይላሉ፤ አልወደቀም፣ ራሱን ነው ያጠፋው። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።»

እኔ ያን ጊዜ ዱራሜ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። ልጅ ነው፣ አልገባውም ብለን ሠላሳ ዓመት አንድም ቀን አልጠየቅነውም። አለቀስኩ።

«እኔስ የዚያው አባት ልጅ አይደለሁም?» አልኩት ሐኪሙን።

«ዘር ብቻውን ሰው አይጥልም» አለ። «አንዳንዱ ለሕመሙ ተጋላጭ ሆኖ ይወለዳል። በዚያ ላይ በልጅነቱ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበትና ብቻውን ሲሸከመው ይከብዳል። ቢሆንም ይታከማል።»

የማራኪ ሽማግሌዎች መጥተው እንደ ደንቡ ጠየቁኝ። ያለውን እንዳለ ነገርኳቸው። «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ሄዱ፤ እስካሁን አልመጡም። ማራኪ አኩርፋኛለች፤ አልፈርድባትም።

ባለፈው ቅዳሜ አንጋጫ ሄድኩ። ኤሊያስ ከእንሰቱ መሃል ወጥቶ እጁን ታጠበና ኪኒኑን ዋጠ። ትንሿ ልጁ አቢጋኤል «አባዬ፣ ምንህን ነው ያመመህ?» አለችው። ሚስቱ ቶሎ ብላ ወደ እኔ አየች፤ በዚህ ቤት ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ውሸት የማዘጋጀው እኔ ነኛ።

ኤሊያስ ልጁን አጠገቡ አስቀመጣት።

«አያትሽን ያመመው ነው ያመመኝ» አላት። «እሱን የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንቺ ግን ጠየቅሽኝ።»