ጠጠር የላጠው ኮፈን

ቀለሙ እንዲይዝ መጀመሪያ የተላጠው ቦታ በአልኮል ይጠረጋል። ከዚያ በስቴኪኒ ጫፍ አንድ ጠብታ ቀለም ይደረግበታል፤ ሲደርቅ ይደገማል። የቸኮለ ሰው አንዴ ይለቀልቅና የመኪናውን ኮፈን ፈንጣጣ የወጣበት ፊት ያስመስለዋል። እኔ ዕድሜዬን የሙሽሮችን ጥፍር ስቀባ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ እጄ አይንቀጠቀጥም።

ልጄ ግን ይንቀጠቀጣል ባይ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ ጣሪያዋ የሚከፈተውን ቀይ መኪና መንዳት ስጀምር እንቅልፍ አጣ። "እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ፀጉርሽን ነፋስ እየበተነው ከተማውን ስትዞሪ ሰው ምን ይላል?" ይለኛል። ሰው የሚለውንማ አውቃለሁ። መብራት ላይ ስቆም "ማዘር፣ እኛንም አንዴ አዙሪን" ነው የሚለኝ።

በቀደም የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ለካ ገዢ አግኝቷል። "ሰውየው ቅዳሜ ይመጣል፤ ኮፈኑ ላይ የተላላጠውን አስተካክይው" አለኝ። መኪናዬን ሊሸጥብኝ ሲፈልግ እጄ መንቀጥቀጡን ተወ ማለት ነው። እሺ አልኩት። የእሱ ገዢ መጣም ቀረም መኪናዬ ስትዝግ ቁጭ ብዬ አላይም።

ሰውየው ቅዳሜ ረፋድ ላይ መጣ። ጨዋ ነው፤ ጫማውን ጠርጎ ነው ጋራዡ ውስጥ የገባው።

"አባቴ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቃት፤ ከዚህ ወጥታም አታውቅ" አለው ልጄ።

ስለ አባቱ የተናገረው እውነት ነው። ባሌ መኪናዋን የገዛው ሊያያት ነበር። እሁድ እሁድ ያጥባታል፣ ያለብሳታል፣ ይቆልፍባታል። እስቲ ዞር ዞር እንበል ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መንገዱ ጠጠር አለው።"

ሰውየው ኮፈኑን በመዳፉ ዳበሰና "አንድ ጭረት የለባትም" አለ።

"አለባት እንጂ" አልኩት።

ልጄ ገረመመኝ። እኔ በጣቴ እያሳየሁ ቀጠልኩ። "ይቺ ሐይቁ ዳር ስሄድ ከጭነት መኪና ጎማ ተፈናጥራ የመጣች ናት። ይቺ እህቴ ቤት መታጠፊያው ላይ። ይቺኛዋን ከየት እንዳመጣኋት አላውቅም፤ እየዘፈንኩ ነበር። ሁሉንም ያመጣሁት እኔ፣ የቀባሁትም እኔ። መኪናዋ የእኔ ናት፤ አልሸጣትም።"

ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ ልጄን አየ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ተስማምተዋል ተብዬ ነው የመጣሁት" ብሎ ወጣ።

ልጄ ፊቱ ደም መሰለ። "አዋረድሽኝ" አለኝ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ነገር ብትሆኚስ? አባዬን ቀብሬ፣ አንቺን ደግሞ ከመንገድ ላይ ላንሳ?"

አንጀቴን በላው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚፈራው የሰውን ወሬ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚፈራው ለእኔ ነው። እቅፍ ላደርገው አሰኘኝ። ግን ካቀፍኩት ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ። ስለዚህ እጄን ዘረጋሁ።

"አባትህም ቁልፉን ኪሱ ይዞ ነው የኖረው" አልኩት። "እሱን እስኪሞት ጠበቅኩት። አንተን ግን አልጠብቅም።"

 ልጄ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።