ያላመመኝን መንጋጋ ሊሞርዱት

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እንደ ፀሐይ የጠራ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከተገኘሁ የገዛ መዶሻዬ አውራ ጣቴን ይቀጥቅጠው። እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ ሶፋ ሠሪ ደግሞ በመዶሻው በከንቱ አይምልም።

በሙያችን የእኔን ጥርስ የማያውቅ የለም። ሌላው አሮጌ ወንበር ሲያፈርስ ጉጠት ይፈልጋል፤ እኔ ጨርቁን የያዘውን ሚስማር በመንጋጋዬ ነክሼ እነቅለዋለሁ። እንዲያውም አንድ ጊዜ ጣት የሚያህል ብሎን በጥርሴ ፈትቼ የወንበሩ ባለቤት ቆሞ አልቅሷል።

ነገሩ የጀመረው የግራ መንጋጋዬ እንቅልፍ ሲነሳኝ ነው። ታላቅ እህቴ፣ ከእኔው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሶፋ ልብስ የምትሰፋው እቴቴ፣ እጄን ጎትታ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ የተበላሸውን ነርቭ አወጣች፤ ሥሩን አጥባ ደፈነችው፤ ሕመሙም ጠፋ። እስከዚህ ማንንም አልጠረጠርኩም።

ለቀጠሮው ተመልሰን ስንሄድ ግን፣

"ጋሼ፣ አሁን ክራውን ያስፈልግዎታል" አለችኝ።

"ምን?"

"ዘውድ ይሉታል። ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ነው።"

"አመመኝ ብያለሁ እንዴ?"

"አላሉም። ግን ውስጡ ተቦርቡሯል፤ ግድግዳው ሳስቷል። ጠንካራ ነገር ሲነክሱበት እስከ ሥሩ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከመንቀል ሌላ መላ የለውም። ዘውዱ ዙሪያውን አቅፎ ይይዘዋል።"

"እና በየት በኩል ነው የሚገባው?"

"መጀመሪያ ጥርሱን ዙሪያውን እንሞርደዋለን።"

እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ። ያላመመኝን ጥርስ፣ ሊጠብቁልኝ ብለው፣ ሊሞርዱት! እኔ የሰው ወንበር እንዳይሰበር ብዬ እግሩን በመጋዝ ብቆርጠው ባለቤቱ ዝም ይለኛል? ደግሞ ድምፅዋ መለስለሱ! ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እቴቴን በክርኔ ጎሰም አደረግኳት። "ሰማሻት?"

"ሰምቻለሁ። አፍህን ክፈትላት።"

"አንቺም ከእነሱ ጋር ነሽ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሶፋ ስታለብስ አሮጌውን ጨርቅ መጀመሪያ አትገፍፍም? በላዩ ላይ ብትደርብበት አብጦ አያስቀምጥ!"

ሴራው ሥር የሰደደ መሆኑ ያኔ ገባኝ። እህቴን እንኳ ገዝተዋታል። ስለዚህ ፈርቼ ሳይሆን እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ማደንዘዣ መርፌውን "ለልጆች አስቀምጡት" ብዬ መለስኩት። መሞረጃው መንጋጋዬን ሲነካ እሳት ተረጨ፤ ጫፉ ቀልጦ ሌላ አመጡ፤ እሱም ቀለጠ። እኔ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም።

ቀጥላ ሊጥ የመሰለ ነገር በብረት ሳህን ሞልታ "ይንከሱት" አለችኝ። የአፌን አሻራ መውሰዷ ነው!

"ይሄ ደግሞ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ወደ ጥርስ ሠሪው። ልክዎን እንዲያውቅ ነው።"

አያችሁ? መልኩን የማላውቀው ሰው፣ ገብቼ በማላውቀው ክፍል፣ የመንጋጋዬን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሊያጠናኝ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

ዘውዱ እስኪደርስ ጊዜያዊ የፕላስቲክ ቆብ አጠለቀችልኝና "በዚህ በኩል ጠንካራ ነገር እንዳይነክሱ" ብላ አስጠነቀቀችኝ። የሚደበቅ ነገር ከሌለበት ማስጠንቀቅ ለምን አስፈለገ? ሱቄን ዘግቼ፣ መስታወት ይዤ፣ ቆቡን እንደ ጉምሩክ ፈታሽ መረመርኩት። ምንም አላገኘሁም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ።

የመጨረሻው ቀን መጣ። ዘውዱን ከገጠመችልኝ በኋላ ሰማያዊ ወረቀት አስነከሰችኝ። ቀለሙ የበዛበትን ቦታ አይታ ታዲያ በትንሿ መሣሪያዋ ፋቀችው። ማስረጃ ማጥፋት ይሏል ይሄ ነው!

"ቆይ! ያዝኩሽ!" ብዬ ከወንበሩ ተነሳሁ።

"ጋሼ፣ ከፍ ያለው ቦታ ብቻውን ጫናውን እንዳይሸከም ማስተካከሌ ነው።"

እንዲህ ትበል እንጂ ላብ አጥምቋታል። በሕይወቷ እንደኔ ያለ ንቁ ሰው ገጥሟት እንደማያውቅ አመነች። ዘውዱንም በጭንቀት ብዛት አጥብቃ ስለለጠፈችው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም። አሁን ሚስማር ቀርቶ የበር ማጠፊያ እነቅልበታለሁ። ሐኪሞች መንጋጋዬን ለማየት ከባሕር ማዶ ይመጣሉ፤ ተራ አስይዛቸዋለሁ።

ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ለእቴቴ አነበብኩላት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራኝ ስለነበረች ምስክርነቷን ከታች ልጨምርበት ፈልጌ ነው።

"ምን ብለሽ ትመሰክሪያለሽ?" አልኳት።

የስፌት መኪናዋን አቆመች። ክሩን በመቀስ ቆረጠችና ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው።

"ሐኪሟ ያን ሁሉ ያሳየችህ ከጄሶ በተሠራ የማሳያ ጥርስ ላይ ነበር" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "አንተ 'አስቤበት እመለሳለሁ' ብለህ ከወንበሩ ወረድክ። ሳይሰነብት ሚስማር ስትነቅልበት ለሁለት ተሰነጠቀና ተነቀለ። ያ ጥርስ እኮ የለም፣ ወንድምዬ።"